ፍሬን ስይዝ የሚገፋኝ ብስክሌት፦ የ9 ወር ልምድ

ባለፈው ነሐሴ ኮምቦልቻ ላይ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ የብስክሌት መንገዱን ጀሪካን ይዘው የሚሻገሩ እናት አይቼ ፍሬን ስይዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ወደ ፊት ገፋኝ። እናት ጀሪካኑን ጥለው ወደ ጎን ሸሹ፣ እኔም ጀሪካኑን ገጭቼ ቆምኩ። «አብሽር ልጄ፣ ውሃዬን ግን ትቀዳልኛለህ» አሉኝ፤ ከቦኖው ቀድቼ ደጃቸው ድረስ አደረስኩላቸው።

በፍሬን እጀታው ውስጥ፣ እጀታው ሲጨበጥ ሞተሩ ኃይል እንዲያቋርጥ ምልክት የምትልክ ትንሽ ማጥፊያ አለች። የእኔን ሶኬት ነቅዬ ሳያት ክዳን የሌላት በመሆኗ ዝናብ ገብቶባት ውስጧ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ቀኝ እጄ ፍሬኑን ሲጨብጥ የፍጥነት መስጫውንም እንደጠመዘዘ ስለነበር፣ ፍሬኑና ሞተሩ እርስ በርስ ሲታገሉ እኔ መሐል ቤት ቀረሁ።

ሻጩ «ወንድሜ፣ ይህ 45 ይሄዳል፤ እንደ አውሮፓው 25 ላይ አይታነቅም» እያለ ነበር ያግባባኝ። እኔም ሞኝ ሆኜ ለዚያች 45 ገንዘብ ጨመርኩ። አውሮፓው የሚታነቀው ግን በምክንያት ነው፤ እዚያ እንደ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቋርጥ ነው። ጀርመን ውስጥ 45 የሚሄደው የኢንሹራንስ ታርጋ ይለጥፋል፣ የብስክሌት መንገዱም በአብዛኛው ይከለከልበታል። በ45 የሚሄድ ብስክሌት ፍሬን ከተያዘበት በኋላ ለመቆም በ25 ከሚሄደው ከሦስት እጥፍ በላይ ርቀት ይፈልጋል። ሕፃንና በግ በሚሻገርበት መንገድ ይህን ርቀት ከየት ያመጣልኝ ይሆን፣ ያ ሻጭ?

ባትሪው እስካሁን ደህና ነው፤ የሐረጎን ዳገት ይዞኝ ደሴ ሲወጣም አላሳፈረኝም።

ሶኬቷን ጠርጌ፣ ግሪስ ቀብቼ በአሮጌ የውስጥ ጎማ ላስቲክ ጠቀለልኳት፤ ፍጥነቱንም ከመቆጣጠሪያው ላይ 25 አድርጌ ዘጋሁት። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቼ በሞተሩ አሽከረክራለሁ፤ መስጫውን ሳልለቅ የፊት ፍሬኑን ብቻ ስጨብጥ ሞተሩ ኃይሉን ካላቋረጠ ያን ቀን በባጃጅ እሄዳለሁ። ከነሐሴ ወዲህ ሁለት ጊዜ በባጃጅ ሄጃለሁ።

ለወዳጅ ግዛ አልልም። ጎረቤቴ በጥሩ ዋጋ ሽጥልኝ ቢለኝም፣ የፍሬኑን ነገር ከነገርኩት በኋላ እንኳ «45 ይሄዳል አይደል?» ብሎ ስለጠየቀኝ አልሸጥኩለትም።