ለግቢና ለመንገድ የሚሆን ቦርሳ፦ አዲሱ ኮፒ፣ የሰልባጁ ኦሪጅናል ወይስ የሸራ ስፌት?

መስከረም በጠባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው። «ለግቢ የሚሆን ቦርሳ ከየት ልግዛ? ስንት ብር ይበቃኛል?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። የኔ ምርጫ ከሰልባጅ የተገዛ ኦሪጅናል ቦርሳ ነው። ለምን እንደሆነ በብር አሳያለሁ።

በቅድሚያ መንገዳችንን እናስብ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ ጠዋት ጃኬት ለብሶ ይወጣል፣ እዚያ ሲደርስ ያወልቃል። ያ ጃኬት ከላፕቶፑ፣ ከደብተሩና ከምሳ ዕቃው ጋር ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት። ሚኒባስ ላይ ቦርሳው ጭን ላይ ስለሚቀመጥ በጣም ትልቅም አይሆንም። 25 ሊትር አካባቢ የሚይዝ ይበቃል። ሊትሩ ካልተጻፈበት ላፕቶፑንና ጃኬቱን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ከታችሁ ሞክሩ። ሻጩ ቢቆጣም ሞክሩ።

የእህቴ ልጅ አምና አዲስ ቦርሳ ከሱቅ ገዛ። 2,200 ብር ተጠርቶ በ1,800 ተስማማ። የታወቀ ስም ተለጥፎበታል፣ ጎኑ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፣ ባለሱቁም «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» ብሎታል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ማንገቻው ከላይ ተነቀለ፤ ለማሰፋት 100 ብር። ቀጥሎ ዋናው ዚፕ አልይዝ አለ። የዚፑ ጥርስ ራሱ ስለተበላ ሙሉ ዚፕ ማስቀየር ነበረበት፤ 350 ብር። ከዚያ ሌላኛው ማንገቻ፤ 100 ብር። በድምሩ 2,350 ብር ወጥቶበት ዓመቱን ሳይጨርስ ተጣለ። በጣም ያናድደኛል፤ ያ ገንዘብ ለተማሪ ብዙ ነው።

የዩኤስቢውን ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው በሱ ነው። ቀዳዳው በራሱ ቻርጅ አያደርግም። ከውስጥ ያለው አጭር ገመድ ብቻ ነው፤ ፓወር ባንኩን የምትገዙት እናንተ ናችሁ። ለሱ ብላችሁ 300 ብር አትጨምሩ። በዚያ ላይ ክረምት ሲመጣ ውሃ የሚገባበት አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ነው።

የልጁ ታላቅ እህት ግን የያዘችው የጃንስፖርት ቦርሳ ከሰኞ ገበያ ሰልባጅ ተራ በ1,400 ብር የተገዛ ነው። ሲገዛ የዚፑ ራስ ላልቶ ስለነበር በ100 ብር አስቀየርነው። ሦስተኛ ዓመቷን ይዛዋለች። ለዓመት ሲካፈል 500 ብር ነው፣ ገና አገልግሎቱንም አልጨረሰም። ጃንስፖርት ለቦርሳዎቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ነው፣ ኢስትፓክም ለአብዛኞቹ 30 ዓመት ይሰጣል። ዋስትናው እኛ ጋ ባይደርስም ስፌቱ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ማንገቻን በአንድ መስመር ክር ብቻ አያይዝም።

ግን ሰልባጅ ተራም ኮፒ አለ። ስለዚህ አርማውን ተዉትና ቦርሳውን ገልብጡት። የውስጡ የስፌት ጠርዝ በጥብጣብ ተሸፍኖ ከተሰፋ ጥሩ ነው። ጨርቁ ተቆርጦ ክሩ እየተመዘዘ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ መልሱት። ማንገቻው ከላይ የተያያዘበት ቦታ ላይ ስፌቱ ተደራርቦ ወይም በኤክስ ቅርጽ መመላለስ አለበት። ዚፑን በጥግ በኩል ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፤ የሚበላሸው ቀድሞ ጥጉ ላይ ነው። ከዚፑ ራስ ጀርባ ቁጥር ካለ እዩት። 8 ወይም 10 ከሆነ ወፍራም ዚፕ ነው፤ 5 ለፊት ኪስ እንጂ ከባድ ለሚጫንበት ዋና ዚፕ ይቀጥናል።

የሰልባጅ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። አሮጌ ቦርሳ ውስጡ የተቀባው ውሃ መከላከያ ይላጣል። እጃችሁን ከታችዋ ኪስ ድረስ ከታችሁ እሹት። ነጭ ቅርፊት ከወጣ ወይም ከተጣበቀ በ500 ብርም አትግዙት። አይጠገንም፣ ሽታውም በማጠብ አይለቅም፣ ደብተራችሁን ሁሉ ያቆሽሻል።

የሸራ ቦርሳ ማሰፋት ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ በልካችሁ ይሠራላችኋል፣ ሲቀደድም ያው ሰፊ ይጠግነዋል። 1,300 ብር አካባቢ ይፈጃል። ክሩ የናይለን እንዲሆን አጥብቃችሁ ንገሩት፤ የጥጥ ክር እየራሰ ሲደርቅ ቶሎ ይበሰብሳል። ጉዳቱ ዝናብ ነው። ሸራ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ለማድረቅም በደሴ ክረምት ፀሐይ የለም። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ግን ይመቻል።

«ሌዘር» እየተባለ የሚሸጠውን ሰው ሠራሽ ቆዳ ዝለሉት። ያምራል፣ ከዚያ ከመታጠፊያው ላይ ይላጣል፤ የተላጠውን የሚጠግን ሰው የለም።

የትኛውንም ብትገዙ የላፕቶፑ ኪስ ከቦርሳው ወለል ጋር መገናኘቱን እዩ። ከተገናኘ ቦርሳውን መሬት ባስቀመጣችሁ ቁጥር የሚመታው ላፕቶፑ ነው። ከፍራሽ ቤት የተቆረጠ ስፖንጅ ከስር አንጥፉበት። የዚፕ ራስ ከላላ ጠጋኙ መጀመሪያ በፒንሳ ጠበቅ ያደርገዋል። ያ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ከ20 ብር በላይ አትክፈሉበት። ጥርሱ ደህና ከሆነ የዚፑን ራስ ብቻ አስቀይሩ እንጂ ሙሉ ዚፕ አስቀይሩ ሲላችሁ አትስማሙ። ዚፑ ሲደርቅ ሻማ እሹበት።

ዋጋ ስትከራከሩ፦ ሻጩ 2,000 ካለ ከ1,000 ጀምሩ። የላላ ዚፕ ካገኛችሁ እያሳያችሁት የማስጠገኛውን 100 ብር አስቀንሱ። ሁሉ ነገሩ ደህና ለሆነ ቦርሳ እኔ እስከ 1,600 እከፍላለሁ። ከዚያ ካለፈ ተዉት፤ አዲስ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ጠይቃችሁ በዚያ ቀን ጠዋት ተመለሱ።