የዋሽንግተን የጦርነት መታሰቢያዎች የእግር ጉብኝት፦ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ

ባለፈው ቅዳሜ የ16 ዓመት ልጄን ይዤ በዋሽንግተን ያሉትን የጦርነት መታሰቢያዎች በእግር ከሚያስጎበኝ አንድ አነስተኛ ድርጅት ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞርን። የሳበኝ ርዕሱ ነው፤ ሊበራሉና ወግ አጥባቂው አሜሪካዊ ጦር ወደ ውጭ ስለመላክ እንዴት ሲከራከሩ እንደኖሩ። በዚህ ከተማ 14 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እነዚህ ሐውልቶች ደጅ ስንቱን ሰው አውርጃለሁ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ወርጄ አላየኋቸውም።

ስሄድ የነበረኝ እምነት ቀላል ነበር። ወግ አጥባቂው ሪፐብሊካን ጦርነት ይወዳል፣ ሊበራሉ ዴሞክራት ሰላም ይወዳል። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ይህን እምነቴን የሟች ወታደሮች ስም በተቀረጸበት የቬትናም ግድግዳ ፊት አቁመው አፈረሱት። እ.ኤ.አ. በ1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቬትናም ላይ ኃይል ለመጠቀም ፈቃድ ሲጠይቁ የተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ 0፣ ሴኔቱ 88 ለ 2 አጸደቀላቸው። ጆንሰን ዴሞክራት ነበሩ። እምቢ ያሉት ሁለቱ ሴናተሮችም ዴሞክራቶች ናቸው።

ከዚያ ብዙ አላወሩም፤ በግድግዳው ዳር አስኬዱን። ከ58,000 የሚበልጠው ስም የተደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን ሰዎቹ በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም መሐል ላይ ይገናኛሉ። በ1959 የሚጀምረው ሰሌዳ ዓመታትን ለብቻው ይይዛል። 1968 ላይ ስንደርስ የአንድ ወር ሟች አንድ ሰሌዳ አይበቃውም። ልጄ ቀኖቹን ልትቆጥር ጀምራ ተወችው። ለዚህች ግማሽ ሰዓት ብቻ ገንዘቤን ብከፍል አይቆጨኝም።

የኋላውን ታሪክ እየሄዱ ነገሩን። በ1999 ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሰርቢያ ሥር በነበረችው በኮሶቮ ጉዳይ ሰርቢያን በአየር ሲያስደበድቡ ወደ ኋላ የጎተቱት በብዛት ሪፐብሊካኖች ነበሩ፤ ድብደባውን ለመደገፍ የተሰጠው የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ 213 ለ 213 እኩል ወጣ። በ2002 ለኢራቅ ጦርነት ግን በዚያው ምክር ቤት እምቢ ያሉት ሪፐብሊካኖች ስድስት ብቻ ናቸው። በ2024 ደግሞ የዩክሬን እርዳታ 311 ለ 112 ሲያልፍ ተቃዋሚዎቹ 112ቱም ሪፐብሊካኖች ሆኑ። እኔ ከዚህ የተረዳሁት ሁለቱም ወገን ጦር እንደሚልክ ነው፤ የሚለያዩት በምክንያቱ ነው። ሊበራሉ የሰብዓዊ መብትንና የዓለም አቀፍ ሕግን ስም ይጠራል። ወግ አጥባቂው ግን በሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ «ጠላት ጉልበታችንን ይወቅ» ይላል፣ ሌላው «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብሎ ይጠይቃል።

ከቡድናችን አንድ የቴክሳስ ሽማግሌ፦ «ልጄ ሁለት ጊዜ ኢራቅ ሄዷል። የላኩት እኔ የመረጥኳቸው ሰዎች ናቸው። አሁን አንድም ልጅ እንዳይሄድ የምፈልገው ለዚያ ነው» አሉ። አስጎብኚው አላቋረጧቸውም፣ አልተከራከሯቸውም። ለዚህ ትዕግሥታቸው አከብራቸዋለሁ።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ኮሪያ መታሰቢያ ላይ ነው። 19ኙ የብረት ወታደሮች ቁጥቋጦው መሐል ዝናብ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1950 ኮንግረስን ሳያስፈቅዱ ወደ ጦርነቱ መግባታቸውን፣ ሪፐብሊካኑ ሴናተር ሮበርት ታፍት ደግሞ «ይህ ሕጉን መጣስ ነው» ብለው መሞገታቸውን በደንብ አስረዱን። ከዚያ በጦርነቱ የተባበሩ የ22 አገሮች ስም የተቀረጸበትን የድንጋይ ጠርዝ ዝም ብለው አለፉት። ልጄ ግን ጎንበስ ብላ፦ «አባዬ፣ እኛ አለን!» አለች። «ኢትዮጵያ» ይላል።

ኢትዮጵያ ኮሪያ ለምን እንደዘመተች አስጎብኚውን ጠየቅኳቸው። አስበውት እንደማያውቁ አልደበቁኝም። እኔ ነገርኳቸው። በ1935 ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ አሜሪካ ከሰው ጦርነት ልራቅ ብላ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ጦርነቱ ሲጀመርም መሣሪያ ለሁለታችንም እንዳይሸጥ ታገደ። ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፣ እኛ አልነበረንም። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቫ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ቢሉም የደረሰልን የለም። በ1951 የእኛ ጦር ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የዘመተው ይህን በደል ባልረሳ መንግሥት ትእዛዝ ነው፤ የተወረረ አገር ብቻውን አይተው በሚል። አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ቬትናም ግድግዳ ፊት ቆሜ «አሜሪካ ከሰው ጉዳይ ትውጣ» ብዬ ነበር፤ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ስደርስ እንዲያ ማለት አቃተኝ። ጉብኝቱ ስለ አፍጋኒስታን ምንም አለማለቱም ቅር አሰኝቶኛል። 20 ዓመት የፈጀ ጦርነት እኮ ነው፤ መታሰቢያው ገና ስላልተሠራ ብቻ መታለፍ አልነበረበትም።

ለምትሄዱ፦ የጠዋቱን ዙር ያዙ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ጥላ የለውም። ቡድኑ ከ12 ሰው ስለማይበልጥ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ ጫማችሁ የሚያስኬድ ይሁን። ኮሪያ መታሰቢያ ስትደርሱ ደግሞ አስጎብኚውን አትጠብቁ፤ ከሐውልቶቹ በስተሰሜን ባለው መንገድ ዳር ወደ መሬት እያያችሁ ሂዱ።