ውድ የእንጨት መላጊያ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ኢንፊል፣ ሊ-ኒልሰን ወይስ ካና?

ለአንድ መላጊያ ይሄን ሁሉ ዶላር ምን በወጣኝ የሚል ሰው አይፈረድበትም፣ ግን ሶስቱን ጎን ለጎን ያያቸው ሰው ቢያንስ ብሩ የት እንደገባ ይገባዋል።

ኢንፊል የሚባለው፣ ማለትም የብረት አካሉ ውስጡ በእንጨት የሚሞላው፣ የእንግሊዞችና የስኮትላንዶች ነው። ስኮትላንድ ኤር ከተማ የነበረው ስፓየርስና ለንደን የነበረው ኖሪስ የሚባሉት ሰሪዎች ናቸው ስሙን ያስጠሩት፣ በእኛ ጊዜ ደግሞ ካናዳ ውስጥ ሳወር ኤንድ ስታይነር የሚባለው አንድ በአንድ እየሰራ ስም ያወጣበት እሱ ነው። ጎኑና ታችኛው ፊቱ ለየብቻ የተቆረጠ ብረት ነው፣ አንዳንዴም ጎኑ ናስ ይሆናል፣ ሁለቱ ጠርዛቸው ላይ በሞረድ ጥርስ ይወጣላቸውና ይጋጠማሉ፣ ከዛ ብረቱ ክፍተቱን ሞልቶ እስኪያብጥ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ የተረፈው ተሞርዶ ይስተካከላል። አንዴ ከተቀጠቀጠ በኋላ አይፈታም። በደንብ የተሰራው ላይ የቀለም ልዩነት ባይኖር መጋጠሚያው የት እንደሆነ አታገኙትም። ውስጡ ኢቦኒ ወይ ሮዝውድ በሚባሉ ከባድ እንጨቶች ይሞላል፣ ክብደቱም ከዚህ ሁሉ ነው የሚመጣው። ፎቶ ስታዩ እጀታው ላይ አትፍዘዙ፣ አፉን፣ ማለትም ምላጩ ከታች የሚወጣበትን ክፍተት፣ አስጠግታችሁ እዩት፣ ምላጩና የአፉ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካልሆኑ በዚህ ዋጋ አይገዛም። አሮጌ ኖሪስ ከውጪ የምታስመጡ ደሞ እንጨቱ የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንግዱ በአለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ስለሆነ ወረቀት አለው ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሊ-ኒልሰን እውነቱን ለመናገር የአንድ ሰው የእጅ ስራ አይደለም፣ በ1981 እ.ኤ.አ. የተመሰረተ አሜሪካ ሜይን ያለ ፋብሪካ ነው፣ ስታንሊ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ድሮ ይሰራው የነበረውን ቤድሮክ የሚባል መላጊያ ዲዛይን ነው አጥብቆ የሚሰራው። ግን ከኢንፊሉ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው በመቶዎች ነው እንጂ በሺዎች አይደለም፣ ከካርቶኑ ወጥቶ ምላጩ ትንሽ ከተሳለ በዛው ቀን ስራ ይጀምራል። ዝገት የሚያስቸግራችሁ ቦታ ከሆናችሁ የነሐሱን ውሰዱ። ለመስራት ብቻ ከሆነ የምትገዙት እኔ ከዚህ በላይ አውጡ አልልም፣ ኢንፊሉን የሚገዛ ሰው ከስራው በተጨማሪ የሰሪውን እጅ ነው የሚገዛው፣ እሱም ነውር የለበትም።

ካና የጃፓኑ ነው፣ እየተሳበ ነው የሚላግበት። ለኔ ከሶስቱ ጥበቡ የሚበልጠው እዚህ ምላጭ ላይ ነው፣ አንጥረኛው ስስ ጠንካራ ብረት ለስላሳ ብረት ላይ በእሳት ያጣብቃል፣ ጀርባውን ደሞ መሃሉን ጎድጎድ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ስትስሉት ድንጋዩን የሚነካው ዙሪያው ብቻ ነው፣ ቶሎ ይስተካከላል። ብሎን የሚባል ነገር የለውም፣ ምላጩን ወደ ታች ለማውጣት የምላጩን አናት በመዶሻ ቶክ፣ ለመመለስ የእንጨቱን ቂጥ ቶክ ማድረግ ነው። ችግሩ አካሉ የኦክ እንጨት ስለሆነ አየሩ ሲደርቅና ሲረጥብ ይንቀሳቀሳል፣ ታችኛውን ፊት በየጊዜው እያያችሁ ማስተካከል አለባችሁ፣ አዲሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገዢው ራሱ አስተካክሎ እንዲጨርሰው ተብሎ ነው የሚመጣው። ትዕግስት የሌለው ሰው ይተወው። ሌላው፣ ምላጩ የተቀመጠበት አንግል ዝቅ ያለ ነው፣ ለጃፓኖቹ ለስላሳ እንጨት ጥሩ ነው፣ ወይራ አይነት ጭረቱ የተጠላለፈ ጠንካራ እንጨት ላይ ግን ይቦጭቀዋል፣ እንደዛ አይነት እንጨት ከሆነ የምትሰሩት ሊ-ኒልሰኑን በ50 ወይ በ55 ዲግሪ አንግል እዘዙት።