የውሃ ማማና የከተማ ታሪክ፦ ሉሊንግ ወይስ ግሩም?

በቴክሳስ ትንንሽ ከተሞች መንገደኛ ከሩቅ መጀመሪያ የሚያየው የውሃ ማማውን ነው፤ የከተማን ታሪክ ከማማው ለማንበብ ለሚሻም ሉሊንግና ግሩም (ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ሙገሳ ይመስላል) ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው።

ሉሊንግ ከእ.ኤ.አ. 1954 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ የሐብሐብ በዓል የምታከብር በመሆኗ የማማዋ ጋን ሐብሐብ መስሎ ተቀብቷል። ይሁን እንጂ ቀለሙ የሚናገረው ግማሹን ታሪክ ነው፤ ኑሮዋን የለወጠው ኤድጋር ዴቪስ በ1922 ያገኘው ነዳጅ ሲሆን፣ የነዳጅ መሳቢያዎቹ ዛሬም በከተማዋ ውስጥ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በጥንቱ 66ኛ አውራ ጎዳና ዳር ያለው የግሩም ማማ ግን ለከተማዋ ውሃ የሚያድል አይደለም። ራልፍ ብሪተን የተባለ ነጋዴ፣ አሽከርካሪዎች የሚወድቅ መስሏቸው ቆም እንዲሉና ወደ ጭነት መኪና ማረፊያው ጎራ እንዲሉለት ሆን ብሎ አዘንብሎ ተከለው፤ ቀረብ ብሎ ለሚያየው፣ በአንድ በኩል ያሉት እግሮቹ ከመሬት ተነሥተው ተንጠልጥለዋል። ማረፊያው ተቃጥሎ ማስታወቂያው ብቻ ቀርቷል።

ለፎቶግራፍ ግሩም ይበልጣል። ታሪክ ለሚፈልግ ግን ሉሊንግን እመርጣለሁ፤ እርሻውና ነዳጁ በአንድ የእግር ጉዞ ይታያሉና።