የሐምሌ ሶላር

እማዬ አራተኛውን እንጀራ ምጣዱ ላይ አዙራ አክንባሎውን እንደከደነች መብራት ሄደ። ባልዲ ሙሉ ሊጥ ኩፍ ብሎ ተቀምጧል። ምንም አልተናገረችም፣ እኔን ብቻ አየችኝ።

ኮተቤ ክረምት ሲገባ እንዲህ ነው። ንፋስ ይነሳል፣ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይወድቃል፣ ሰፈሩ ይጨልማል። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፣ ጳጉሜን 2017 ላይ ተመርቋል። ቅርንጫፍ ግን አያነሳልንም።

በማግስቱ መርካቶ ወርጄ ባለ ሶላር መብራት ገዛሁ። ሦስት አምፖል፣ ባትሪው ያለበት ሳጥን፣ አንድ ፓኔል፤ በ2,800 ብር። ሻጩ «ደመናም ቢሆን ይሞላል፣ ዝም ብለህ ጣሪያ ላይ ጣለው» አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ስለተጠቀምኩበት አሁን ስለሱ ማውራት እችላለሁ።

ከፓኔሉ ልጀምር። ካርቶኑ ላይ 25 ዋት ይላል። ስፋቱ የደብተር ያህል ነው። ይህን የሚያህል ፓኔል ፀሐይ አናት ላይ ሆና እንኳ 5 ወይ 6 ዋት ቢሰጥ ነው። በሐምሌ ደመና ደግሞ እሱም የለም። ሁለት ቀን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ አውዬው ማታ ሦስቱንም አምፖል አበራሁ፤ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሠርቶ ድርግም አለ። ያውም በመሃል በረዶ ሲጥል እየሮጥኩ ወጥቼ አውርጄዋለሁ።

ከዚያ የስልክ ቻርጀር በሚመስለው ገመድ ግድግዳ ላይ ሰካሁት። መብራት ባለበት ሰዓት 5 ሰዓት ያህል ሞላ። በዚያ ሦስቱ አምፖሎች ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ደስ አለኝ፣ እማዬ ደግሞ «ታዲያ ያቺ ጣሪያ ላይ ያለችው ምን ትሠራለች?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ብርሃኑ ጥሩ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። አንዱ አምፖል ብቻውን ማድ ቤቱን ይበቃዋል፣ ሽንኩርት ሲከተፍ ጣት አይቆረጥም። ሻማ ካየን ሁለት ወር አለፈን። የአምፖሎቹ ሽቦ ግን አጭር ነው፣ 3 ሜትር ብቻ። የእኛ ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ ስለተሠራ ሽቦ ገዝቼ መቀጠል ነበረብኝ። የባትሪውን መጠን የምታሳየው አራት ነጥብ መብራትም ውሸታም ናት። ሦስት ነጥብ ታሳያለች፣ ታሳያለች፣ ከዚያ በአንዴ ጨለማ።

ስልክ ይሞላል ይላል ካርቶኑ። ይሞላል፤ ግን ትልቅ ስልክ ከሰካችሁበት የማታውን መብራት እርሱት። ሳጥኑን በካቻቢቴ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ውስጡ ሦስት የሊትየም ድንጋይ ነው ያለው። «ቴሌቪዥንም ያስኬዳል» ያለኝን ሻጭ ያኔ በደንብ አስታወስኩት። ምጣድማ አይነሳም፣ ከ3,000 ዋት በላይ የሚበላ ዕቃ ነው። የዚያን ቀን ሊጥ የተጋገረው በእንጨት፣ በጎረቤት ምጣድ ነው።

ለዋይፋይ ደግሞ ለብቻው ትንሽ ባትሪ ገዝቻለሁ፣ 3,200 ብር። ሰፈራችን ፋይበር ስለገባ መብራት ሄዶም ኢንተርኔቱ አለ፣ የሚጠፋው የቤታችን የዋይፋይ ሳጥን ብቻ ነው። ባትሪው 10,400 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ይላል፣ እኛ ቤት 4 ሰዓት ገደማ ያቆያል። መሰኪያው ላይ 9 እና 12 ቮልት አለ፤ 9 የሚፈልገውን ዕቃ 12 ላይ ብትሰኩት ልታቃጥሉት ትችላላችሁ። ከሁለቱ የቱን ድጋሚ ትገዛለህ ብትሉኝ ሳላቅማማ ይሄን ነው።

ሶላሩን መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። ጥቅምት ላይ ሌላ ዕቃ ሆኗል፣ በአንድ ቀን ፀሐይ ይሞላል። መብራት ጭራሽ ላልገባበት ገጠር ብልከው ይመረቅልኛል። ለአዲስ አበባ ክረምት ግን ያለ ፓኔል የሚሸጠውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ግዙ። ከገዛሁበት አጠገብ ያለ ሱቅ በ1,500 ብር ሲሸጥ አይቼዋለሁ፣ ዘግይቼ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ አምፖል ተቃጥሎ ቅያሪ ፍለጋ ወደ ሻጬ ተመለስኩ። የሐምሌውን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ በክረምት ሶላር ማን ግዛ አለህ?»