የተሳቢ ሹፌር ልሁን ወይስ መካኒክ?

አዳማ ውስጥ መኪና የሚወድ ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይጠይቃል። አይገርምም፤ የጅቡቲ ተሳቢ በደጃችን ነው የሚያልፈው።

መነሻ
ሹፌርነት፦ የሥልጠና ክፍያ አለ፤ መንጃ ፈቃዱ ብቻውን ግን አያበቃም። ባለንብረት ልምድ ይጠይቃል፤ ብዙዎች በረዳትነት ነው የሚጀምሩት።
መካኒክነት፦ ጋራዥ ገብተህ ቁልፍ ታቀብላለህ። ከብር ይልቅ ዓመታት ይበላል።

ገቢ
ሹፌር፦ ከደመወዝ ሌላ አበል አለው፤ ቶሎ ብር ይይዛል።
መካኒክ፦ ለማጅ ሳለ የምሳ ብር ካገኘ ተመስገን ነው። እጁ ሲፈታ ግን ደንበኛ ራሱ ይፈልገዋል።

አደጋና ድካም
ሹፌር፦ ከአዋሽ በሚሌ እስከ ጋላፊ ያለው ሙቀት ቀልድ አይደለም። ጎማ ሲፈነዳ ክሪኩን በሚፋጅ አስፋልት ላይ የምትዘረጋው አንተ ነህ። የሌሊት እንቅልፍማ ስንቱን ወስዷል!
መካኒክ፦ ወገብ ያማል። ግሪሱ በኦሞ ቢታሽም ከጥፍር ሥር አይለቅም።

ነገ
እዚህ ላይ መካኒኩ ይጠንቀቅ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ኤሌክትሪክ ሳይማሩ ካርቡሬተር ብቻ ይዞ መቅረት አያዋጣም። የጭነት ናፍጣ ሞተር ግን ገና ብዙ ሥራ አለው።

ብቻህን ረጅም መንገድ የማይሰለችህ፣ ቤተሰብም ገቢህን ቶሎ የሚጠብቅ ከሆነ መሪው ይሻልሃል። ሞተር ሲያንኳኳ ሰምተህ “ቫልቭ ነው” ብለህ የምትገምት፣ ማታ ቤትህ ማደር የምትወድ ከሆንክ ግን ጋራዡ።