የሻጋታን የተደበቀ ውህድ ለማውጣት፦ ምግቡን መቀየር ወይስ ጂኖሙን ማንበብ?

ከእንጦጦ ጽድ ሥር ወይም ከሰበታ ማሳ አፈር ወስዶ ሻጋታ የሚያሳድግ ተማሪ ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ክር መሰል ፈንገሶች ውህድ የሚሠሩ ብዙ የጂን ስብስቦች አሏቸው፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ፣ ውህዳቸውን አይሠሩም። የሚያድጉበትን ምግብ ቀይሮ መቀስቀስ፣ ወይም ጂኖሙን (የሻጋታውን ሙሉ የዘር መረጃ) አንብቦ መፈለግ ይቻላል።

ወጪ
ምግብ መቀየር፦ ርካሽ ነው። ያንኑ ሻጋታ በሩዝ፣ በገብስ፣ ጨው በበዛበት መረቅ ላይ ማሳደግ ነው።
ጂኖም ማንበብ፦ ቅደም ተከተሉን ማስነበቡ ገንዘብ ይጠይቃል። የጂን ስብስቦቹን የሚፈልገው የኮምፒውተር ፕሮግራም አንቲስማሽ ግን በነፃ ይገኛል።

ቅለት
ምግብ መቀየር፦ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። ባክቴሪያ አብሮ ማሳደግም ይቻላል፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይሄ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አስፐርጊለስ ኒዱላንስ የተባለው ሻጋታ ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ከአንዱ ዝርያ ጋር ሲያድግ ተኝቶ የነበረ የጂን ስብስብ ነቅቶ ኦርሴሊኒክ አሲድ የተባለ ውህድ ሠራ። ያውም ባክቴሪያው የፈንገሱን ክር በአካል ሲነካው ነው!
ጂኖም ማንበብ፦ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ስጋት
ምግብ መቀየር፦ ለወራት ደክሞ የታወቀ ውህድ ደግሞ ማግኘት አለ። መብራት ሲጠፋ የማሳደጊያው ሙቀት ይዛባል፤ ውጤቱም አብሮ ይለወጣል።
ጂኖም ማንበብ፦ ጂኑ ተገኘ ማለት ውህዱ ተገኘ ማለት አይደለም። ጂኑን ማስነሳት ወይም ወደ ሌላ ፈንገስ ማዛወር ይቀራል።
በሁለቱም መንገድ አፍላቶክሲንን የመሰለ መርዝ ሊወጣ ስለሚችል ያለ ጓንትና ያለ ደህንነት ካቢኔ አትንኩ።

ለማን?
ብዙ ናሙና፣ ትንሽ በጀትና ጥሩ የኬሚስትሪ መሣሪያ ላለው ምግብ መቀየሩ ይሻላል። አንድ ተስፋ የሚጣልበት ሻጋታ ይዞ ከውጭ ቤተ ሙከራ ጋር ለሚሠራ ደግሞ ጂኖሙ ይቅደም።